ፍየሏ ስድስት ስትመታ

ከሞንዴጎ ወንዝ በላይ፣ ከኮረብታው አናት፣
አሮጌ ደወል አለች፣ «ፍየል» የሚሏት።
እሷ ካልጮኸች በቀር አይገለጥም መጽሐፍ፣
አይሻገርም መምህር የአዳራሹን ደፍ።
ስንት መቶ ዓመት ሙሉ በሷ ጩኸት ተሠራ
የተማሪው እንቅልፍ፣ የመምህሩ ተራ።

እኔ ኬብል ቀጣይ ነኝ። ዲዮሊንዳ እባላለሁ።
ሬክተሩ ወረቀት ሰጡኝ፤ ቃላቸውን አስታውሳለሁ፦
«ሃያ አንድ ፊርማ አምጪ፤ ከዚያ በኋላ ሴኔት
ይመክርበታል፣ ስለዚህ ስለ ኦንላይን ትምህርት።»

ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ፤
የሕጉ ሰው ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ አየኝ፤
«ትምህርት ውል ነው» አለ፣ «ውልም ምስክር ይሻል፤
በመስኮት የገባን ሰው ማን ተማሪ ይለዋል?»
የታሪኳ ፊሎሜና ሻይ ቀድታ ፈገግ አለች፣
«ግሩም ሐሳብ ነው!» ብላ ከአንገት በላይ ሸኘች፤
ብዕሯ ከኪሷ አልወጣም።
የሂሳቡ ልጅ ፈረመ፣ ሳያነብ፣ እየሮጠ፤
የፊዚክሱ «ጭማሪ አለው?» ብሎ አፈጠጠ።

ሃያ ሞላልኝ በስንት መከራ። የቀረኝ ምድር ቤት፣
ባልታዛር ኪንቴላ፣ የደረቁ ቅጠሎች ጌታ፣ የዕፅዋት።
«ልጄ» አሉ፣ «ፊታቸውን ሳላይ ምን አስተምራለሁ?
መግባቱን ከቃላቸው ሳይሆን ከቅንድባቸው አውቃለሁ።
በመስታወት ላይ ደግሞ ቅንድብ ምንድን ነው?»
መልስ አልነበረኝም። ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው።

ኮርቮ የምትባል ደሴት አለች፣ ከውቅያኖሱ መሀል፣
መንደሯ አንድ ብቻ፤ ሰዓቷ ከኛ በአንድ ይዘገያል።
ፍየሏ ስድስት ስትመታ እዚያ ገና አምስት ነው፤
ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄ ነው።
እዚያ ዙልሚራ አለች፤ አይብ ቤት ትሠራለች፣
በወንድሟ ላፕቶፕ የሙከራ ክፍሌ ትገባለች።
መርከብ ሲቀር፣ ነፋስ ሲያይል፣ አውሮፕላን ሲሰረዝ፣
ምስሏ ይቆራረጣል፣ እንዳረጀ ክር ሲመዘዝ።

ያን ዕለት ስለ ፊርማው አንድ ቃል አላነሣሁም፤
ላፕቶፑን ከፊታቸው ዘረጋሁ፤ አልከለከሉም።
ዙልሚራ በእጇ ይዛለች ሰማያዊ አበባ፣
ትንሽ፣ እርጥብ፣ ከነአፈሯ፤
ሽማግሌው ብድግ አሉ።
አርባ ዓመት የሚያውቋት በወረቀት ላይ ተጣብቃ፣
ቀለሟ ሸሽቷት፣ ደርቃ።
«ነቅለሻት ነው?» አሉ በቁጣ።
«ኧረ ናዳ ነው የጣላት!»
«እንግዲያው ገልብጪው ቅጠሉን። ወደ መብራቱ።
ጠጉር አለው? በአንድ ጎን ብቻ? ምን ይሆን ምክንያቱ?»
ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
ከዚያ ግን፣ እኔም አየሁ፣
ቅንድቧ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ፈረሙ። በእርሳስ። «ካስፈለገ ይጠፋል» አሉ።

የሴኔቱ ቀን ደረሰ። ካባው ጥቁር፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ፤
ስለ ክብር፣ ስለ ባህል፣ ስለ በጀት ወሬው በዛ።
እጅ ሲቆጠር በመጨረሻ፣ አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ዘጠኝ፤
እኩል ከወጣ ወደቀ ነው፣ ደንቡ። ጨነቀኝ፤
የባልታዛር ወንበር ባዶ ነው።

ሮጬ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ልቆጣቸው ነበር፣ በእውነት፤
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅ ይሰማል ከቤት፦
«ነፋሱ ቃልሽን በላው፣ ዙልሚራ። ድገሚው።
አይዞሽ፣ አልቸኩልም። ሦስተኛውን ቅጠል አሳዪኝ።»

በአንድ ድምፅ ተሸነፍን፤
ያ ድምፅ እያስተማረ ነበር።

ከላያችን ፍየሏ ስድስት ጊዜ ጮኸች።
ዕድሜ ልካቸውን በሷ ተነሥተው በሷ የተቀመጡት ሰው
ቀና እንኳን አላሉ።
በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።
ለዙልሚራ ገና አምስት ሰዓት ነው።