የጉድለቷ ዋጋ

እሑድ ጠዋት ነበር፣ ሞንቴቪዴዮ ላይ፣
መንገዱ ሸቀጥ ለብሶ ዳር እስከ ዳር ሲታይ፤
ዝገት የበላው ቁልፍ፣ ክዳን ያጣ ማሰሮ፣
የሞቱ ሰዎች መነጽር በሲባጎ ታስሮ።
እኔን ያመላለሰኝ አንድ ነገር ነበር፣
የእጅን ሩጫ ይዞ የማያደናግር፤
ኪሴ ውስጥ ያለችው ስምንት ሺህ ፔሶ ናት፣
ከዳቦ ቤት ደመወዝ ነክሼ ያቆየኋት።

ሻጩ ዊልማር ማቴውን በቀሰም እያጣጣመ፣
ጫማዬን አየና ኪሴን ገመገመ።
«ይቺ አዲስ ናት» አለኝ፣ «ከካርቶን ያልወጣች፣
ምስሏ አራት ኬ ነው፣ ጸጉር የምትቆጥር ነች።»

ወጥ ቤታችን ያለው አምፖል አንድ ነው፣ ጭል ጭል ባይ፤
እዚያ ካልሠራችልኝ ምን ትረባለች ፀሐይ ላይ?
ከሸራው ጥላ ሥር አስገባኋት ወስጄ፤
ከፊቷ ተወዛወዘ ባዶው ግራ እጄ።
መልሼ ሳየው ጣቴ እንደ ቅቤ ቀልጧል፣
አምስቱ ተጣብቆ ጓንት መስሎ ወጥቷል።
ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው፤ ሌንሷ ግን
ምስር ታህላለች፤ በየት ይግባ ብርሃን?

ሁለተኛው ካሴት የሚበላ፣ ግዙፍ፣
ትከሻ የሚያጎብጥ፤ እሱስ ዝም ብሎ ይለፍ።
«ስልክሽስ ምን አነሰው?» ጠየቀኝ አኩርፎ፤
ስልኬማ ወሬ ሳያልቅ ይሞታል ተንሰፍስፎ።

ሦስተኛዋን ሲያነሳ አመነታ፣ ቆየ፤
አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ጎን አየ።
ጥጓ ተፋፍቋል፣ ማሰሪያዋም ላልቷል፣
ሌንሷ ግን ጉድጓድ ነው፣ ሰማይ ተኝቶበታል።
እዚያው ጥላ ውስጥ እጄን ባሯሯጠው፣
በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ይዛ አስቀመጠችው፤
ጣት ከጣት ተለይቶ፣ መስመሩ ሳይደፈርስ፣
ጥፍሬ ሥር እስከ ደረቀው የትናንት ሊጥ ድረስ።

«ልንገርሽ» አለ ዊልማር፣ «ነገ እንዳትረግሚኝ፤
ሦስት የሠርግ ቀራጮች ጥለዋት ሄዱብኝ።
ማይክሮፎኗ ሞቷል፣ መሰኪያው ተቃጥሏል፤
መድፍ ቢጮህ ከጎኗ ዝምታ ይቀዳል።
እንዲህ ባትሆን ኖሮ ሃያ ሺህ ባወጣች፤
አሁን ግን በጉድለቷ ሰባት ሺህ ብቻ ነች።»

ሳቄ አመለጠኝ።
ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ።

እናቴ ኔሊዳ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤
ለወሬዋ ከጣት ሌላ ምላስ የላትም።
የወደቡን ቃጠሎ ስትነግረኝ ማታ፣
አሥሩም ጣት ይነዳል፣ ይጠፋል ባንድ አፍታ።
አሁን ግን ሪህ ገብቶ አንጓዋን አሰረው፤
ፊደሉን አንድ በአንድ እየሰባበረው።
አውራ ጣቷ አልታጠፍ አለ፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ
አንድ ቃል ከቤታችን ወጣ፣ እንደ ሰው ተቀብሮ።

ቃሉ ስሜ ነበር።

ይህን ሁሉ ለዊልማር አልነገርኩትም፤
ድሃ ስትገበያይ ልቧን አትዘረግፍም።
«ካልሰማችማ» አልኩት፣ «አምስት መቶ ይቀነስ።»
ቀሰሙን ነከሰ፤ ማለ፤ ተገዘተ፤ ቀነሰ።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሦስት እግሯ ላይ ሳቆማት፣
«ትሰማለች?» አለችኝ እናቴ፣ በአገጯ ጠቁማት።
ራሴን ነቀነቅሁ። እጆቿ ዝም አሉ።
ከዚያ የተፋፋቀ ጥጓን ዳበስ አረገችላት፤
«በይ እንግዲያ» አሉ ጣቶቿ፣ «ዐይኗን ጥረጊላት።»