ያንድ ብር ስፋት

ሳምንቱን ሙሉ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣
ባንድ ዓይኔ አጎንብሼ የሰዓት ጥርስ ስቆጥር፣
«ጣቴ ስህተት አያውቅም» ብዬ ስኮራ ኖሬ፣
እሁድ እሁድ መተኮስ ዘንድሮ ጀምሬ፣
ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ሁለት ግንብ መሀል፣
ሃምሳ ሜትር ርቆ ወረቀት ተሰቅሏል።
ወረቀቱ ላይ ክብ፣ ክቡ ላይ ጥቁር ነጥብ፣
ነጥቧ ላይ የኔ ዓይን፣ ዓይኔ ላይ የኔ ልብ።

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቀን ሳላስበው፣
ሦስቴ ተኮስኩና ቀዳዳው አንድ ነው!
ቆርጬ ወሰድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣
ከልጄ ፎቶ ጋር ጀርባ ለጀርባ አረግኩት።
ታክሲ ስጠብቅ አሳየሁ፣ ባንክ ተሰልፌ አሳየሁ፣
ለማላውቀው ሰው ሳይቀር «እኔ እኮ እንዲህ ነኝ» እያልሁ።

ሃምሳ አለቃ እርገጤ ግን መነጽሩን አውልቆ፣
ወረቀቷን መለሰልኝ፣ በግማሽ ፊቱ ስቆ።
«ሦስት ጥይት ወሬ ነው፤ እንዲያው ያጋጥማል።
ሃምሳ ጥይት ግን ምስክር ነው፤ ቀርቦ ይጠየቃል።
ተኛ» አለኝ።

ተኛሁ።
አፈሙዜን ከአሸዋ ከረጢቱ ላይ አኖርሁ።
ምንጣፉ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ክርኔን ይፋጀኛል፤
አሥረኛው ላይ ትከሻዬ የሌላ ሰው ይመስለኛል።
ሃያኛው ላይ ባቡሩ በድልድዩ ያልፋል፣
ንዝረቱ ከሆዴ ወደ አፈሙዝ ይተላለፋል።
ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ነፋስ ከለገሃር ተነሳ፣
ግንቡ ላይ ያሰርነውን ቀይ ክር ወደ ግራ አነሳ።
አንዱን ልቤ ተኮሰችው፤ አንዱን የሱቅ ኪራይ፣
(የኪራዩ ጥይት ነች ያችውና፣ ከሁሉ በላይ።)

ሃምሳው አለቀ።
ሄደን ወረቀቱ ፊት ቆምን፤ ልቤ ወደቀ።
እዚህም እዚያም፣ አቧራ ላይ ካፊያ እንደጣለ።
ያ የኔ አንድ ቀዳዳ፣ የታለ?

እርገጤ ምንም አላለም። ኪሱን ዳበሰና፣
ያንድ ብር ሳንቲም ለጠፈ፣ ባውራ ጣቱ ያዘና፣
«የተሸፈነውን ተወው፤ የወጣውን ቁጠር።»
አራት ናቸው። በስም አውቃቸዋለሁ፤
ባቡር፣ ነፋስ፣ ልብ፣ የኪራይ ብር።

«በቃ፣ ይህ ነህ» አለ፤
«ይህ ጠመንጃ፣ ይህ ጥይት፣ ይህ ትከሻ እስካለ፣
ያንድ ብር ያህል ነህ።
ዋጋህን አላልኩም፣ ስፋትህን ነው ያልኩት፤
ከዚህ የጠበበውን ተወው፣ ይታይ በሕልም፣ ሌሊት።»

ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ መጣ፣ ዶክተር መሳይ፤
«ዝንፍ ይላል?» አለኝ፣ የታደሰ ሰዓቱን ሲያይ።
ድሮ ቢሆን እምላለሁ፤ «እንደ ፀሐይ!» እል ነበር።
«በቀን ስምንት ሴኮንድ ይቀድማል» አልኩት፤ «ይኸው ነው የሱ ድንበር።»
ዝም ብሎ አየኝ። አሰረው። ከፍሎ ወጣ።
መልሱ አንድ ብር ነበረች፤ ሊወስዳት አልመጣ።

ያቺ ወረቀት? አልጣልኳትም። አለች፣ ከልጄ ፎቶ ጀርባ።
አልፎ አልፎ አያታለሁ፣ ማታ፣ ቤቴ ስገባ።
ቆንጆ ነች። ውሸትም አልነገረችኝ፤
ብቻ፣ ሦስት ጥይት ያህል ነው ያወቀችኝ።