አረንጓዴ ነጥብ

ታፔላ ጸሐፊ ነኝ፣ ፒያሳ ላይ፣ ደሴ፤
«ጎሚስታ»፣ «ሥጋ ቤት»፣ «አልጋ አለ»፤ ይኸው ነው ቅርሴ።
ሠዓሊ ብሎ የጠራኝ የለም፤
እኔም ራሴን ብዬው አላውቅም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ጦሳ በጉም ጠፍቶ፣
የደሴ ቁልቁለት ጎርፍ ብቻ ሞልቶ፣
ሲስተር ዙሪያሽ መጣች፣ ጃንጥላዋ ተሰብሮ፣
እጇ ላይ ወረቀት፣ በላስቲክ ተቋጥሮ።
«ኤግዚቢሽን አለን፣ በማዘጋጃ ቤት፤
ስምና ዋጋ ጻፍልን፤ ክፍያው ግን… ምርቃት።
ካንሰር ያለባቸው ልጆች፣ ለነሐሴ፣
ሳምንት ሐይቅ ዳር ይውላሉ፣ ርቀው ከደሴ፤
መርፌ የሌለበት፣ ነጭ ጋውን የሌለበት፣
ድንኳን፣ ኳስ፣ ታንኳ… ያው፣ ልጅ የሚሆኑበት።»

እሺ አልኩ።
(ምርቃት ለታፔላ ጸሐፊ አይከፋም፤
የቀለም ዕዳ ግን በምርቃት አይከፈልም።)

የከተማው ሠዓልያን ሥዕል ሰጥተዋል፤
አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ገበያ፣ አንዱ ማንም ያልገባው ነገር ስሏል።
ከወዲያ ጥግ ግን፣ በካርቶን ክዳን ላይ፣
ሰማያዊ ብቻ፤ ሌላ የማይታይ።
«ሐይቅ፤ መዲና እንድሪስ፤ ዘጠኝ ዓመት» ይላል።
ሐይቅን አይታው አታውቅም፤ ሲስተር ነግራታለች ተብሏል።

ጋሽ አሊጋዝ ገቡ፣ የሰኞ ገበያው በግ ነጋዴ፤
ዝናብ አባሯቸው እንጂ ሥዕል ሊያዩ መስሎህ እንዴ!
ዱላቸውን አስደግፈው፣ አንገት ዘመም አርገው፣
የካርቶኑን ጀርባ ሊዳብሱ ምንም አልቀራቸው፤
«የቱ ነው ላዩ?» አሉ፤ «ሰማዩ የቱ ጋ ነው?»
እኔም አላወቅኩም፤ የሰቀልኩት እኔው!

ልጅቱ ጥግ ነበረች፣ የሹራብ ቆብ አጥልቃ፤
«ተኝቼ ነው የሳልኩት» አለች፣ ትንሽ ስቃ፤
«ግሉኮስ በዚህ ክንዴ፣ ብሩሽ ደግሞ በዚህ፤
ለተኛ ሰው ላይና ታች የለም፤ ያው ነው፣ እዚያም እዚህ።»

ጋሽ አሊጋዝ ዝም አሉ። መቀነት ፈቱና፣
የሦስት ሙክት ዋጋ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩና፣
«ክርክር የለም!»
እኒያ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣
ሳይከራከሩ ሲገዙ ይኼ መጀመሪያቸው ነው አሉ።

እኔም እንደ ደንቡ፣ «ተሸጧል» ለማለት፣
ቀይ ነጥብ አሳረፍኩ፣ ከጠርዙ፣ በጣት።
ልጅቱ ተነሣች።
«ታመመ እንዴ?» አለች።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይናገር ነበር።

«እኔም እንዲህ ነው የጀመረኝ፤ ቀይ ነጥብ፣ ቅልጥሜ ላይ፤
እናቴ ቁንጫ መስሏት ፍራሹን አሰጣችው ለፀሐይ።»

ስንት ዓመት ቀይ ቀባሁ፣ «ሥጋ ቤት»፣ «አቁም»፣ «አደጋ»፤
ያን ቀን ግን ጣቴን ኪሴ ደበቅኩ፣ ሰው ወደኔ ሲጠጋ።

ሮጬ ሱቄ ወረድኩ። ከፋርማሲው ታፔላ
የተረፈ አረንጓዴ ነበር፣ ጣሳ ሥር፤ ሌላ
ቀለም አልነበረኝም።
ቀዩን በጨርቅ ፍቄ አረንጓዴ አሳረፍኩበት፤
ከዚያ ወዲህ የተሸጠው ሁሉ አረንጓዴ ወጣበት።

ካዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽራም፣ ሊቅ ነገር፣
«ይኼ ደንብ አይደለም፤ ቀይ ነው በየትም አገር»
ቢለኝ፣
«እዚህ ደሴ ነው፤ ነጥብ አይምሰልህ ወንድሜ፤
ትኬት ነው፣ ሐይቅ ደርሶ መልስ፤ የምቆርጠው እኔ፣ በቀለሜ።»
ሳቀ። ቆረጠም።

አሥራ ሁለት ነጥብ፤ አሥራ ሁለት ልጅ።

ነሐሴ ላይ፣ መሰላል ላይ፣ «ዳቦ ቤት» ስጽፍ፣
አውቶቡሷ መጣች፣ በፒያሳ ስታልፍ፤
በመስኮቱ ቆብ ቆጠርኩ፤ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ዥንጉርጉር…
አሥራ አንድ።
ደግሜ ልቆጥር ስል ታጠፈች፤ የጦሳ ጉም ዋጣት፤
«ዳቦ» ብዬ ቀረሁ፣ «ቤት»ን ሳልጽፋት።

አንዷ ተኝታ ይሆናል አልኩ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፤
ለሷ ላይና ታች የለም፤
ተኝታ ነው የምታይ።