የደንበኛ ቁጥር

ከታኦስ በስተ ሰሜን፣ አስፋልቱ አልቆ፣
ከመኪናዬ ኋላ አቧራ ተጣብቆ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ነዳሁ፣
ስንቱን ቤት አጸደቅሁ፣ ስንቱን ቤት ከለከልሁ።
መርማሪ ነው ሥራዬ፤ ውሻ ሁሉ ያውቀኛል፣
ከመኪናዬ ሳልወርድ ጎማዬን ያሸታል።

የኦዲሊያ ታፎያ ማመልከቻ መጣ፣
በእርሳስ የተሞላ፣ ጥጉ ዘይት የጠጣ።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣
በጡረታ ገንዘብ ቀስ እያለች ሠራ፦
ዘጠኝ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ስምንት ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተር፣
ከጭቃ ጡብ ቤቷ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር።
የኩባንያው ምሰሶ ስድስት ማይል ላይ ቀርቷል፤
መስመሩን ለመሳብ የጠየቋት ዋጋ
ቤቷን ሁለት ጊዜ አፍርሶ ያሠራል።

መጀመሪያ ስሄድ፣ በመጋቢት ንፋስ፣
"ሶኬት ያንስሻል" አልኳት፣ "በዚህ ግድግዳ፣ በዚያም፣
ከአልጋው ጀርባ እንኳ።"
"ምን ልሰካበት?"
"የምትሰኪው ይኑር አይኑር ሕጉ አይጠይቅም።"
አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሬዲዮ።
አሥራ አንድ ሶኬት አስገባች፤ ሬዲዮው አንዱን ያዘ።

ሁለተኛ ስሄድ፣ የመሬት ዘንጉ ጉድ ሆነ፦
ሕጉ ስምንት ጫማ ሲል፣ አለቱ ሦስት ላይ ወሰነ።
"መሬት አልያዘም" አልኳት፣ ብረቱን እያየሁ።
"አያቴ ያዘ፣ አባቴ ያዘ፣ ይኸው እኔ ይዣለሁ፤
ግብሩን ከፍዬበት፣ ሙታኔን ቀብሬበት፣
አልያዘም የምትለኝ አንተ ማነህ በዚህ ቤት?"
"አንቺ ይዘሻል፤ ያልያዘው ሽቦሽ ነው።
መብረቅ የይዞታ ወረቀት አያነብም፤
ሽቦውን ተከትሎ ይወርዳል እንጂ።"

ሕጉ ለአለት ምሕረት አለው፣ በገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
መቆም ያቃተው ዘንግ በቦይ ውስጥ ይተኛል።
ሦስት ቀን ቆፈረች። ብረቱን አጋደመችው።
ሳላየው አይደፈንምና ቦዩ ክፍቱን ሰነበተ፤
ጎረቤቷ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ፣
"ማን ነው የሞተ?"

ሦስተኛ ስሄድ የሚነቀፍ አጣሁ።
ማጥፊያው በእጅ ይደረስበታል፣ ቀይ ምልክቱ ተለጥፏል፣
የባትሪው ሣጥን ይተነፍሳል።
ቮልቱን ለካሁ፤ ለካሁና ደግሜ ለካሁ፣
እንደ ልማዴ ሳይሆን፣ ደስ ስላለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ከፈትሁ።
ስም፦ ገባ። አድራሻ፦ ገባ።
የኃይል ኩባንያ የደንበኛ ቁጥር፦
ባዶ ሳጥን፣ አጠገቡ ቀይ ኮከብ።
ባዶውን ስተወው ማሽኑ አልራመድ አለ።
ክሪስቴላ ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ፣
"ደንበኛ ያልሆነ ሰው መብራት የለውም" አለች፣
"ማሽኑ የሚያውቀው ይህን ነው።"
ኦዲሊያ ጋ ደወልሁ። ዝም አለች ጥቂት።
"ፀሐይ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ደረሰኝ አትቆርጥም።"

የቤቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፣
ከልጆቼ ልደት ይበልጥ አውቀዋለሁ፤
ጣቴ ወደዚያ ሲሄድ መለስሁት።
ዜሮ ጻፍሁ። ዜሮ። አሥር ዜሮ።
ማሽኑ ትንሽ አሰበና
አረንጓዴ ሆነ።

ፈቃዱን ይዤ ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር።
በበሩ ጀርባ በሚስማር መታችው፣ አራት ሚስማር።
"ተቀመጥ" አለች። "ስልክህን አምጣ።
በአንተ ያለቀ ገንዘቤ ነው፤ አንዱን እንኳ ተጠቀምበት።"
ከአልጋው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሰካሁ፣
ተቀምጬም ጠበቅሁ፣ ውሻው እግሬ ላይ ተኝቶ፣
ከመስኮቱ ውጭ እስኪጨልም።

ስልኬ ሙሉ ነበር።
አልነገርኳትም።