ልክ

ጓንት ሰፊ ነኝ እኔ፣ ሚዮ ነው ከተማዬ፣
ለስላሳ የጠቦት ቆዳ፣ መቀስና መርፌ ሙያዬ።
የሰው ፊት ይምታታብኛል፣ ስምም ቶሎ እረሳለሁ፣
መዳፉን ከዘረጋልኝ ግን፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በተጋባን ዓመት የፊርማንን እጅ ወረቀት ላይ አስተኝቼ፣
ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ዙሪያውን በእርሳስ አውጥቼ፣
«ስምንት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያ ንድፍ፣ በየገናው፣
አንድ ጥንድ እሰፋለታለሁ ለቀዝቃዛው የአይብ ዋሻው።

በሰባተኛው ገና አውራ ጣቱ አልገባም አለ።
«ቆዳው ነው የተኮማተረው» ስለው፣ «ልክ ነሽ» አለ።
ልክ ነሽ አለኝ።
ልኬ ግን ልክ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ንድፍ፤
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ አሥር፣ ከሠንጠረዡ እስኪያልፍ።
የቃል ኪዳን ቀለበቱን አንጥረኛ በመጋዝ ቆረጠለት፤
ጫማ ሻጩ «በሃምሳ ዓመትህ ማደግ ጀመርክ?» ብሎ ሳቀበት።
ጥርሱ ከጥርሱ ተኳረፈ፣ በመሃሉ ነፋስ ገባ፤
ላብ ሸሚዙን አጠበው፣ በዚያ ብርድ፣ ነጋ ጠባ።
ማንኮራፋቱ እንኳን እኔን ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤
ፊቱንስ እንዴት አላየሁም? ዕለት ዕለት ያዩት ይረሳል።

ሐኪማችን «ዕድሜ ነው» አለ። የጥርሱ ሐኪም «መንጋጋ»።
እረፍት ሲወጡ ተተኪ መጣች፣ ሲዶኒ የምትባል፣ አንዲት ለጋ።
ፊርማንን ጨበጠችው፤ ጨብጣም እጁን አልለቀቀች፣
አገላበጠችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ደባበሰች።
እኔም ትንሽ ቀናሁ።
«የድሮ ፎቶግራፍ አላችሁ?»
ፎቶ የለንም፤ ንድፎቼን አመጣሁ።

አሥራ አንዱን ወረቀት ደራርባ መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው፤
ብርሃን ሲያልፍ የተቆረጠ ግንድ ይመስላል መስመራቸው፤
እጅ በእጅ ውስጥ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ እጅ።
«ዕድሜ አይደለም» አለች፣ «ከራስ ቅሉ የሚላክ ነው እንጂ።»

ሞንፔሊዬ። በባዶ ሆድ፣ የሚያንገሸግሽ የስኳር ውኃ።
ስኳር ሲገባ የጤነኛ ሰው የእድገት ሆርሞን አንገቱን ይደፋል፤
በየግማሽ ሰዓቱ ደም ቀዱ፤ የእሱ ግን ቀና እንዳለ ያልፋል።
ከዚያ ያ የሚያንኳኳ የማግኔት ዋሻ፤ ፊርማን ዋሻ አይፈራም።
ከዓይን ኋላ ኮርቻ የመሰለ አጥንት አለ፣ ፒቱታሪ የምትቀመጥበት፣
አተር የምታህል ዕጢ፤ የጓንት ቁልፍ የሚያህል ዕባጭ አፈናጥጣ አየንባት።
ትእዛዙ ከዚያ ነበር የሚወጣው፣
እኔ ቆዳ ስከስስ።

በአፍንጫው ገቡ። ፊቱ ላይ ምላጭ አላረፈም።
«ስፌቱ የታለ?» አልኩ ቀዳጁን ሐኪም፤ መጠየቅ አላፈርኩም።
«በውስጥ ነው» አለ፣ «ከሆዱ ስብ ወስደን ደረትንበት።»
ጥሩ ሠራተኛ ስፌቱን አያሳይም፤ በልቤ ባርኔጣ አነሳሁለት።

«አትናፈጥ። ሲያስነጥስህ አፍህን ክፈት። አትጎንበስ።»
የሚጠጣው በልክ ሆነ፣ የሚሸናው በልክ፤ ሶላንዥ ነርሷ
በጆግ ትሰፍራለች፤ ወረቀት አላት እንደኔው፣ የራሷ።

ሆርሞኑ ወረደ፤ ወለሉ ድረስ ግን አልወረደም፤
ከደም ሥሩ ጎን አንዲት ቁራጭ ቀርታለች፣ ቢላ አልደፈራትም።
ስለዚህ በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ። መርፌ እኔም እወጋለሁ፤
እሱ ዳሌውን ሲሰጥ ግን፣ ሠፈሩን ዞሬ እመጣለሁ።

ዘንድሮ እጁን ወረቀት ላይ አስተኛሁት እንደገና።
ሥጋው ላልቷል፣ ግማሽ ቁጥር ሸሽቷል፤ አጥንት ግን ቀረ፣
የመጣበትን መንገድ አያውቀውምና።
የተቆረጠው ቀለበት በመርፌ ሣጥኔ ተኝቷል፤
አንጥረኛው «ልቀጥለው?» ይላል። ፊርማን «ትንሽ ይቆይ» ብሎታል።

የመጀመሪያውን ወረቀት አላቃጠልኩም። በአሁኑ ቆረጥኩ።
ሰፍቼ ጨርሼ፣ እሑድ ማታ፣ «ልክ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።
ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። ቆይቶ፣
«አውራ ጣቱ ጋ ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» አለ።