ስሙን ክፍት ተይው

አራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
በገጽ ሃያ አምስት ብር የሰው ጉዳይ ስጽፍ ስውል ብቻዬን፣
አቤቱታ፣ ውክልና፣ የጠፋ መታወቂያ፣
ለዘበኛ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለተማሪ መመረቂያ፣
ሐምሌ፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ዝናቡን አስከትሎ ገባ
ጋሽ ኤርሱሞ የሚሉት፣ ጃኬቱ የራሰ፣ ጫማው ውሃ የጠባ።

ዋጋ አልጠየቀኝም። ከብብቱ አወጣ
በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር፤ ጠረኑ ቀድሞት መጣ፣
የጭቃ፣ የደረቀ ቅርፊት፣ የናፍጣ።
"አሥራ ሰባት ዓመት ነው" አለ፣ "መረብ ጥዬ የቆጠርኩት፤
ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ ነው በንጹሕ ወረቀት አምጣ ያሉት።
ጻፊ።"
            ጻፍኩ።

"ሐይቋ ትንሽ ናት፤ በጠዋት ብትነሺ ለምሳ ዙሪያዋን ትጨርሻለሽ፤
መንገድ የላትም፤ ከመጨረሻው ኬላ ሦስት ሰዓት በግራር ውስጥ ትሄጃለሽ፤
ጉማሬ አለ፣ ሰው የለም። ይኼን አትጻፊው፣ ለራስሽ ነው" አለኝ፤
ወደ ደብተሩ ተመልሶ ዓሣ በዓሣ ቆጠረልኝ።

ቆሮሶ፦ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ መረብ፣ በአንድ ሌሊት፣
ስድሳ ሁለት። በአምስተኛው አርባ። በዘጠነኛው፣ ድርቁ በጸናበት፣
አሥራ አንድ። በአሥረኛው ዜሮ። "ዜሮዋን በፊደል ጻፊያት፤
በአኃዝ ሲያዩዋት ቀለም የተንጠባጠበ እየመሰላቸው ያልፏት።"
ከዚያ ወዲህ ሦስት፤ ሰባት፤ ዘንድሮ ሃያ።
አምባዛ፦ አይጠፋም፤ ጭቃ ሲቀር ጭቃ ይበቃዋል ለማደሪያ።
ቢልጫ፦ በዓመት አንድ፣ ሁለት። "እንግዳ ናት፤ በጎርፍ መጥታ
ወንዙ ሲደርቅ የቀረች፣ መመለሻዋን አጥታ።"

ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ዓሣ ሥር ቀይ መስመር ያሰምራል፤
ቆሮሶን አያውቅም፣ አምባዛን አያውቅም፣ ስህተት ነው ይላል።
ጋሽ ኤርሱሞ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና፣
"ይኼ ቀይ ክር የማነው? ያዛቸው እኮ፣ ሳልጨርስ ገና።"

በመጨረሻው ገጽ አንድ ሠንጠረዥ፤ "የመንጠቆ ተስፋ" ይላል ራስጌ፤
"ምን ልሙላ?" አልኩት፣ ጣቴን ከፊደሉ ከፍ አድርጌ።
"ጥሩ።" ጻፍኩ። "ሰርዢው።" ሰረዝኩ። "መካከለኛ። አይ፣ እሱንም።"
ውጭ ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል፤ እኛ ዝም፤
ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦ፣ የውሃ ኮዳና ላስቲክ እየነዳ፣
ወደ ግንፍሌ ይወርዳል፣ ዓሣ ወደማያውቀው ሜዳ።

"በዚያ በዜሮው ዓመት" አለ፣ "ለጥናት ሳይሆን ለራሴ ብዬ፣
መንጠቆ ጣልኩ፣ አሥር ቁጥር፣ ከድንጋይ ላይ ተንጋልዬ።
ቆሮሶ ናት። መዳፍ የምታህል። ዜሮ ካልኩት ውሃ ወጣች።
ትሉን አልበላችም፤ ጎኗን ነው የወጋት፤ ስይዛት ግን ተፋች፤
ጫጩት። እንደ ሰናፍጭ ፍሬ። በአፏ የደበቀቻቸው፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፤
ልቆጥር ጀምሬ ነበር፣ ልማድ ነው፤ በጣቶቼ መሃል ወደ ውሃው ተበተኑ።
እሷንም ለቀቅኳት።"
                         "ላስገባት?" አልኩት። "አይ።
ያን ዓመት ዜሮ ብዬ ነው የላክሁት፤ እንዲያው ይታይ።"

"የሐይቋ ስምስ?" ከርዕሱ ሥር ባዶ ነበር።
"ክፍት ተይው። ፈልገው ያግኙት፤ ቢሮው ለአንድ ሳምንት ይቸገር።"
መቶ ሰባ አምስት ብር ቆጠረልኝ፣ እርጥብ፣ አንዱ ከሌላው የተጣበቀ፤
ደብተሩን መልሶ ጠቀለለና ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ፣ ራቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ረጅም ከረጢት ያነገበ ጎልማሳ፣
"አንድ ሽማግሌ አጽፎ ነበር ይላሉ" አለኝ፣ "ስለ ዓሣ።
ቦታውን ብቻ። እከፍላለሁ።" የዘንጉ ጫፍ ከከረጢቱ ታየኝ፣
ቀጭን፣ የሚያምር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ከፈለኝ።
"መንጠቆህ ስንት ቁጥር ነው?"
                         ግራ ገባው። "አራት።"
"ትልቅ ነው" አልኩት። ኬላው፣ ግራሩ፣ ሦስቱ ሰዓት
አፌን ሞልተውት ነበር፤ ከንፈሬን ገጥሜ ወደ ማተሚያው ዞርኩ፤
ማታ በሩን ከመሳቤ በፊት የፋይሉን ስም ቀየርኩ፦
"የቤት ኪራይ ውል።" ማን ይከፍተዋል ብዬ።