ሰማኝ ወይስ ሳመኝ

ዘመኑ ሰማንያ ስምንት፣ ከተማው ኮምቦልቻ፣
እኔ የዘር ድርጅት፣ ሂሳብ ያዥ ነኝ ብቻ፤
አንዲት ኮምፒዩተር፣ አንዲት የስልክ ገመድ፣
ሌት ሌት ቃል ጭና፣ አዲሳባ የምትነጉድ።
ስልኩ መጀመሪያ፣ እንደ ቆሎ ይንጣጣል፣
ቀጥሎ እንደ ጥጃ፣ ተጎትቶ ያለቅሳል፣
ከዚያ ዝም።
ዝም ካለ ገብቷል፣ ማዶ ሰው ይሰማል።

መምህር ጓንጉል እንድሪስ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ፣
መጣ አንድ ዓርብ ማታ፣ የስኳር ጆንያ አንግቶ።
«አሥራ አንድ ሺህ ቃል ነው» አለና አራገፈ፣
በሲጋራ ካርቶን፣ በሎተሪ ጀርባ፣
በፈተና ወረቀት ትራፊ የጻፈ።
«ይህ የሼሁ መንዙማ፣ አጀሚ ነው ፊደሉ፣
ዐረብ ነው አለባበሱ፣ አማርኛ ነው ቃሉ፤
ከወረ ባቦ መጣ፣ ምስጥ በልቶት ግማሹን፣
ቀሪውን ልለቅመው፣ አጣሁት መነሻውን።
እዚህ ጋ አንድ ቃል አለ፣ እንቅልፍ የነሣኝ፣
ባንድ ፊት ‹ሰማኝ› ነው፣ ባንድ ፊት ‹ሳመኝ›፤
ከላይ ያቺው ጭረት፣ ለሁለቱም ድምፅ።
ጌታዬ ደጅ ቆሜ፣ ሰማኝ ነው የሚለው?
ወይስ ሳመኝ ብሎ፣ ደፍሮ ነው የጻፈው?
ይቺ ማሽንህ ታውቅ ይሆን?»

«እሷ የምታውቀው፣ የማሽላን ዋጋ፣
የኩንታሉን ሂሳብ፣ ከክረምት እስከ በጋ።
ግን ሰዎች አሉ አሉ፣ ባሕር ማዶ የሚኖሩ፣
የጥንት ብራና ቃል፣ በሷ የሚያበጥሩ።»

ጻፍን በፈረንጅ አፍ፣ እሱ እያስጻፈኝ፣
«ክቡራን ብለህ ጀምር» እያለ እያረመኝ፤
«የማላውቃችሁ ሆይ፣ ከወሎ ነኝ፣ ሰላም፣
መጽሐፍ አለኝ እንጂ፣ የምጠይቀው የለኝም።»
ቃሉን ግን እንዳለ፣ በፊደል ጨምረን፣
ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ እንደ ሲራራ ጭነን
ላክን።

በስምንተኛው ቀን መልስ፦ «ደብዳቤህ ደርሶናል፣
ቃልህ ግን አልመጣም፣ በቦታው ይህ አለ፦
? ? ? ?»
ጓንጉል ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ፦
«ጥያቄ ብልክላቸው፣ ጥያቄ መለሱ፤
ፊደላችን ባሕሩን፣ ሲሻገር ነው ልብሱ
የወለቀው።»

ጸሐፊዋ ሴት ናት፣ ኖርዌይ፣ ስሟ ኢንገር፣
የዓሣ አጥማጆችን፣ ሙሾ የምትመረምር።
«መልኩን ተዉት» አለች፣ «ቁጥር ስጡት ፊደሉን፤
ቁጥር ባሕር አይፈራም፣ አያወልቅም ልብሱን።
መደርደሪያ ፕሮግራም፣ ራሴ የሠራሁት፣
በአምስት ቁራጭ፣ በአምስት ሌሊት እልካለሁ፣ ተቀበሉት።»

አንዱ ማክሰኞ ገባ፣ ሁለተኛው ሐሙስ፣
ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ ሲደርስ፤
በአራተኛው ሌሊት፣ የጎፍ ላይ ዘነበ፣
ምሰሶው ተነቅሎ፣ ገመዱ ረገበ።
አምስተኛው መጣ። አራተኛው ቀረ።
ሦስት ጊዜ ጻፍን፤ ማንም አልተናገረ።
ታማ ይሁን፣ ለቅቃ፣
ወይ የኛው ደብዳቤ፣ ቦርከና ዳር ወድቃ።

ጎዶሎውን ጠጋግኜ፣ ማሽኗን አስነሣሁ፤
ከ«ሀ» እስከ «ኘ» ድረስ፣ በሷ አስደረደርሁ፣
ከ«ደ» ወዲያም በሷ። መሐሉ ግን የለም።
ከ«አ» እስከ «የ» ያለውን፣ ጓንጉል በጉልበቱ፣
የቢሮውን ወለል፣ ሞልቶ በወረቀቱ፣
ነፋስ እንዳይወስድበት፣ በየቃሉ ጫፍ ላይ
የዘር ናሙና ቆርቆሮ ጭኖ፣
ሁለት ክረምት ለቀመ፣ ተንበርክኮ።

ስለዚያ ቃል ማሽኗ፣ የነገረችን አንድ፦
«አርባ አንድ ጊዜ አለ»፤ ከዚህ ወዲያ አትፈርድ።
«ታዲያ የቱ ነው?» አልኩት።
«ተወው፣ ይቀመጡ፣ እንዳሉ ሁለቱም፤
ሼሁ ጭረት ቸግሯቸው፣ አይመስለኝም ከቶም።»

ድርጅቱ ተዘግቷል። ማሽኗ በጨረታ
ለአንድ ወፍጮ ቤት ሄደች፣ ለሚስማር መቀመጫ።
ጓንጉል አረፈ፣ ደሴ፣ በጥር፣ በብርዱ።
ያ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ነው፣ ቢጫ ሆኗል ጠርዙ፤
አራቱ ጥያቄዎች፣ እንደተደረደሩ።
ትናንት አውጥቼው፣ የዚያችን ሴት ነገር
ሳስብ፣ ፊቷን ያላየነው፣ ድምጿን ያልሰማነው፣
ከምልክቶቹ ሥር፣ በእርሳስ «ሰማችን» ልል ጀመርኩ።

እጄ ተሳስቶ ይሁን፣ ወይ ዓይኔ ደክሞ፣ እንጃ፣
የ«ሰ» ቀኝ እግሯ፣ ትንሽ ረዝማለች።
አልፋቅኋትም።